ቆሞ የከረመ ቮልስ ስንት ያወጣል?

ዛሬ እሁድ ስለሆነ የቡናም የበቆሎም ዋጋ የለኝም። ይልቅ ሰሞኑን ጅማ የገጠመኝን ላውጋችሁ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «በዕዳ ፋንታ መኪና ልውሰድ ወይ?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ለሁላችሁም መልስ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዓመታት ጀንፈል ያቀርቡልኝ የነበሩ አንድ አባት ከሁለት ዓመት በፊት አረፉ። የእኔ ቀሪ ሂሳብ እሳቸው ጋ ነበር። በቅርቡ ባለቤታቸው ደወሉልኝ፤ «ልጄ፣ ጥሬ ብር የለኝም። ግቢ የቆመችውን ቮልስ ውሰድና ሂሳብህን አንሳ፣ የተረፈውን ስጠኝ» አሉኝ። መኪናዋ ከቆመች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ ደላላ ቀድሞኝ ሄዶ ዋጋ ሰጥቷቸዋል።

እኔ በዚህ ነገር አንዴ ተቃጥያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ላይ አንዲት ቀይ ቮልስ አየሁና ቀለሟ አንጸባርቆብኝ በዚያው ቀን ከፈልኩ። ጋራዥ ገብታ ስትፋቅ የጎኗ ላሜራ ግማሹ ስቱኮ ሆኖ ተገኘ። እናንተን «ናሙና ከጆንያው ሆድ አውጡ» እያልኩ የምመክር ሰውዬ፣ እኔ ራሴ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቼ ገዛሁ። ኪሳራው ያስተማረኝን ነው ዛሬ የምጽፈው።

መጀመሪያ ገበያውን እንይ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን በጣም አስወደደ። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ መኪና ዋጋ ይዟል። ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ መለዋወጫውም አብሮ ተሰቀለ። ሻጭ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። ገዢ ሁለተኛውን ካላየ አለቀለት።

1. ወረቀት

ሊብሬውን ሳታዩ ኮፈን አትክፈቱ። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ወለሉ መሀል ከፍ ብሎ በሚያልፈው ብረት ላይ ተመትቷል። የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር ሞተሩ ላይ አለ። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። የቮልስ ሞተር በአራት ቡሎን ስለሚወርድ ባለፉት ዓመታት ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የተቀየረ ሞተር ሁሉ የስርቆት ነው ማለት አይደለም፤ ሊብሬ ላይ ካልሰፈረ ግን ስም ማዛወር ላይ ያስራችኋል።

እዚህ ጋ ነው የጅማው ጉዳይ የከበደው። ሊብሬው በሟቹ ስም ነው። ያ ደላላ ሟቹ በሕይወት እያሉ ለዘመድ የሰጡትን ውክልና ይዞ «በዚህ እንጨርሳለን» ብሏቸዋል። ቤተሰብ፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይሞታል። በዚህ የገዛ ሰው ብሩን ከፍሎ መኪናውን በስሙ ሳያዞር ይቀራል፤ ሻጯ ደግሞ ከልጆቻቸው ጋር ክርክር ውስጥ ይገባሉ። ትክክለኛው መንገድ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ነው። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ሌላ አቋራጭ የለውም።

2. ላሜራና ወለል

ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። የበሩን ሥር፣ የጎማ ቤቱን ጠርዝና የፊት ኮፈኑን ዳር ዳር ዳስሱ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው።

ከዚያ የኋላ ወንበሩን አንሱ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ፣ በቀኝ በኩል ነው። አሲዱ እየፈሰሰ ወለሉን ይበላዋል። ምንጣፉን ገልጣችሁ በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ አድርጉ። ደህና ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ዝም ይላል።

ከሁሉ የሚብሰው ከበሩ ሥር በጎን የሚያልፈው ቦይ ነው። ከሞተር የሚመጣው ሙቅ አየር በውስጡ ያልፋል፣ የመኪናዋን ጎንም የሚሸከመው እሱ ነው። ወለል ተቆርጦ ይቀየራል፤ ይህ ቦይ ከበሰበሰ ግን ሥራው ከባድ ነው። በሩን ከፍታችሁ ዝጉት። ወደ ታች ሰመጥ ብሎ ካልገጠመ ጠርጥሩ።

የጅማዋ ቮልስ አፈር ላይ፣ አቮካዶ ዛፍ ሥር ነው የከረመችው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። በባትሪው በኩል ወለሉ ወንፊት ሆኗል። ቦዩ ግን በሁለቱም ጎን ይጮኻል።

3. ሞተር

«ቮልስ ውሃ ስለሌለው አይሞትም» የሚለውን ተረት ተዉት። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ዘይቱ ነው ሕይወቱ። የሚይዘው ደግሞ 2.5 ሊትር ብቻ ነው።

ቆሞ የከረመ ሞተር በሞተሪኖ ወይም በግፊ አታስነሱ። ካንዴላዎቹን ፍቱ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጨምሩ፣ አሳድሩት፣ ከዚያ ፑሌጃውን በቁልፍ በእጃችሁ አዙሩ። ከዞረ ግማሽ ጭንቀታችሁ ቀለለ። ካልዞረ ሞተሩን እንደ ሙሉ እድሳት ቁጠሩት።

ቀጥሎ ቺንጋውን አውጡና ታችኛውን ፑሌጃ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳቡ፣ ግፉ። የተፈቀደው እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። በዓይን እየታየ «ቋ፣ ቋ» ካለ ውስጡ ተበልቷል፤ ሞተሩ ወርዶ ካልተከፈተ አይድንም።

የነዳጅ ጎማዎቹን ሳትቀይሩ አታስነሱ። የደረቀ ጎማ ቤንዚኑን ሞተር ላይ ያንጠባጥባል፣ የቮልስ ሞተር ቤት ደግሞ ማግኒዚየም ያለበት ብረት ስለሆነ ከተቀጣጠለ ማጥፋቱ ከባድ ነው።

4. የቀረው

ፍሬን፣ ጎማ፣ ባትሪና ሽቦ ደህና ቢመስሉም ሁሉንም እንደሚቀየር ቁጠሩ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት 6 ቮልት ስለሆኑ አምፖሉም ሞተሪኖውም ይለያል፤ ጠይቁ። መለዋወጫ ግን ጨርሶ አይጠፋም። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ሲመረት ነበር፣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

ታሪክ ዋጋ ይጨምራል ወይ? ሻጭ ሁሉ «ይህች እኮ የንጉሡ ዘመን ናት» ይላል። መስከረም 2 ቀን 1967 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ መሆኑ እውነት ነው፤ የእናንተዋ ዋጋ ግን በእሱ አይጨምርም። የሚጨምረው ኦሪጅናል ዕቃዋ አለመነካቱ ነው፦ መስታወቷ፣ መሪዋ፣ የፍጥነት ሰዓቷ፣ ቸርኬዋ። የኋላ መስታወቷ ትንሽና ሞላላ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 1957 የተሠራች ናትና ፈላጊዋ ሌላ ነው፤ ቶሎ ዋጋ አትቁረጡ።

5. ሂሳቡ

በብር ከጻፍኩት በወሩ ስለሚያረጅ በመቶ ላስቀምጠው። ተሠርታ ያለቀች፣ ቦሎ ያላት፣ በራሷ የምትሄድ ተመሳሳይ ቮልስ 100 ታወጣለች እንበል። ለጅማዋ እንዲህ አሰብኩ፦

👉 ላሜራና ቀለም 26
👉 ሞተር 14
👉 ፍሬን፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ ሽቦ 13
👉 ማስጫኛና ስም ማዛወሪያ 5

ድምር 58። በዚህ ላይ ላልታየ ጉድ 20 በመቶ ጨምሩ፣ 12 ገደማ ይሆናል። ጠቅላላ ወጪ 70። ከ100 የሚተርፈው 30 ነው። ገንዘቤ ለወራት ስለሚታሰርና ትርፍም ስለምፈልግ 10 ቀነስኩ። የእኔ ጣሪያ 20 ሆነ። ወለሉን ደግሞ ቆራሌው ይነግራችኋል። ለብረትነት ብቻ ስንት እንደሚሰጥ ጠይቁ፤ ሻጭ ከዚያ በታች መውረድ የለበትም።

እትዬ የጠበቁት 45 ነበር፤ የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ የምታብረቀርቅ ቮልስ አሳይቷቸው። ደላላው ያቀረበው 10 ነው። የእኔ ዕዳ ብቻውን 14 ይሆናል። ወረቀቱን ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ወይ እሱ፣ በየዓመቱ አስነሳታለሁ እያለ ሄደ» አሉ።

እኔም እዚያ ላይ ቆምኩ። አበዳሪም እኔ፣ ገዢም እኔ፣ ዋጋ ተማኝም እኔ ልሆን አልችልም። ላኪው የራሱን ቡና ራሱ ግሬድ ቢሰጠው ማናችንም አንቀበልም አይደል? «እርስዎ የሚያምኑት መካኒክ ይምጣና ይይ፣ የእኔን ወረቀት አያሳዩት» አልኳቸው። የሠፈራቸው መካኒክ ሁለት ሰዓት ፈትሾ 22 አለ። በ22 ተስማማን። ትርፌ በሁለት ቀነሰ፣ ሆኖም ነገ ልጆቻቸው ቢጠይቁኝ የማሳየው የሦስተኛ ሰው ዋጋ በእጄ አለ።

ዕዳው ተቀናንሶ ለእሳቸው የሚደርሰው 8 ነው። ግማሹን በምስክር ፊት በጽሑፍ ቀብድ ሰጠሁ፤ ቀሪው የወራሽነት ማስረጃው ወጥቶ ስም ሲዞር ይከፈላል። እስከዚያ መኪናዋ ከግቢ አትወጣም። ከአፈሩ አንስተን ድንጋይ ላይ አቆምናት፣ ሸራም አለበስናት።

ይህ ስሌት ለቆመ መፈልፈያ ማሽንም ለወፍጮም ይሠራል። በዕዳ ፋንታ ንብረት ልትወስዱ ያሰባችሁ የራሳችሁን አራት መስመር ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ነገ ጠዋት በዋጋ እንገናኝ።