ብርድ ወይስ ኑሮ? ስለ አርሲ ደጋ ነዋሪዎች የሳንባ ጤና

በደጋ አገር የሚኖር ሰው ደረቱን ሲወጋውና ሲያስለው «ብርድ መታኝ» ይላል። ጎረቤቱም «ብርድ ነው፤ ይለቅሃል» ብሎ ያጽናናዋል። ከአሰላ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው የሽርካ ወረዳ ዋና ከተማ ጎበሳም ገብስና ስንዴ በሚበቅልበት ደጋ ላይ የተቆረቆረች ናትና ብርዱ አይቀርላትም። ነገር ግን ብርድ በባለጸጋውና በድኻው፣ በወንዱና በሴቷ ላይ እኩል ይወርዳል። የሳንባ ሕመም መነሻው ብርድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕመሙም ለሁሉ እኩል በደረሰ ነበር። ሁኔታው ግን እንዲህ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጎልማሶች ሳንባ ላይ የሚታየው ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ማስረዳት፣ ቀጥሎም የምንለካበት ሚዛን ራሱ ልዩነቱን እንዴት ሊሰውረው እንደሚችል ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሳንባ ዕድገት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሳንባ ከልደት ጀምሮ እያደገ ሄዶ ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ከፍተኛ አቅሙ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ በጤነኛ ሰው እንኳ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል። እንግዲህ በ50 ዓመቱ ዳገት ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው ከሁለት አንዱ ደርሶበታል ማለት ነው፤ ወይ አቅሙ ከሚገባው በላይ ቶሎ ወርዶበታል፣ ወይ ደግሞ መጀመሪያውኑ ሙሉ አቅሙ ላይ አልደረሰም። ሲወለድ ክብደቱ ያነሰ፣ በሕፃንነቱ የሳንባ ምች የደጋገመበት፣ ምግብ ያጠረውና በጭስ ውስጥ ያደገ ልጅ ወደ ጎልማሳነት የሚገባው በተቀነሰ ሳንባ ነው። ስለዚህ የጎልማሳውን ሕመም ለማወቅ የተወለደበትን ቤት ጭምር መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ጭስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ100 ቤተሰቦች ከ90 የሚበልጡት ምግባቸውን የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና እነዚህን በመሰለ ማገዶ ነው። በደጋ ደግሞ እሳቱ ለወጥና ለእንጀራ ብቻ ሳይሆን ለሙቀትም ስለሚፈለግ በሩ ተዘግቶ ይነዳል። ከብት አርቢ በሆነው የአርሲ ኅብረተሰብ ዘንድ የወተት ዕቃ በጭስ ይታጠናል፤ ይህም የሴቶች ሥራ ነው። ከእሳቱ ዳር የምትውለው እናት፣ የምትረዳትም ልጅ፣ በእናቱ ጀርባ የታዘለውም ሕፃን ነው።

ጭሱም ቢሆን ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመግዛትና ሒሳቡን ለመክፈል የቻለ ከጭሱ ይርቃል። ለብቻው የተሠራ ማድ ቤት ያለው ቢያንስ የሚተኛበትን ክፍል ያድናል። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ድኻ ግን እንጨት ሲወደድበት ኩበትና ገለባ ያነዳል፤ እነዚህም ከእንጨት የባሰ ጭስ ይሰጣሉ። ኩበቱ በነደደ መጠን ማሳው ፍግ ያጣል። እንዲህ ሲሆን ድኽነቱ በአንድ በኩል ሳንባውን፣ በሌላ በኩል እርሻውን ይጎዳዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። በውጭ አገር የሕክምና መጻሕፍት የጎልማሶች የሳንባ ሕመም ዋና ምክንያት ተብሎ የሚጠቀሰው ትምባሆ ነው። በኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የትምባሆ ጥናት እንዳመለከተው፣ ትምባሆ የሚጠቀሙት ከ100 ጎልማሶች 5 ያህል ብቻ ናቸው፤ ከሴቶች መካከልማ እጅግ ጥቂት ናቸው። «ሲጋራ ታጨሻለሽ?» ተብላ የምትጠየቅ የገጠር እናት «ኧረ የለም» ብላ ትመልሳለች፤ መልሷም እውነት ነው። ሆኖም ጥያቄው በዚያ ካበቃ ሠላሳና አርባ ዓመት የሳበችው ጭስ ሳይመዘገብ ቀረ ማለት ነው።

ሦስተኛው የሥራ አቧራና የሳንባ ነቀርሳ ነው። በውቂያ ወራት በአውድማ ላይ የሚነሣውን የገብስ አቧራ አብዝቶ የሚስበው የሚወቃው፣ የሚያበራየውና እህሉን በጆንያ የሚሸከመው የቀን ሠራተኛ እንጂ ባለ ንብረቱ ሁልጊዜ አይደለም። ነቀርሳም ብዙ ሰው በጠባብና አየር በማይገባው ቤት ውስጥ ተፋፍጎ በሚኖርበት ቦታ ይበረታል። በዚህ ረገድ አርሲ በአገራችን የሕክምና ታሪክ የተለየ ስፍራ አላት። በጤና ሠራተኛ ዓይን ሥር መድኃኒት የማስዋጡ ዘዴ፣ ዶትስ የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ለሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ ነው። በዚህ መንገድ ብዙ ሕይወት ድኗል። ነገር ግን መድኃኒቱን ጨርሶ «ዳነ» ተብሎ የተመዘገበ ገበሬ የሳንባው ጠባሳ አብሮት ሊቀር ይችላል። ጀርሙ ጠፍቶለት ሳለ በሬዎቹን ተከትሎ አንድ ትልም ለማውጣት ትንፋሽ ካጠረው፣ ለመዝገቡ ጤነኛ ነው፤ ለቤተሰቡ ግን ጉልበቱ የጎደለ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። የትንፋሽ መለኪያውን፣ ማለትም ስፓይሮሜትርን፣ በሥራ ላይ ያዋለው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1846 ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎችን ለክቶ ውጤቱን አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1851 ደግሞ ባርነትን ይደግፍ የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ሳሙኤል ካርትራይት የጥቁር ሰው ሳንባ ከነጭ ሰው ሳንባ በመቶ 20 ያህል ያንሳል ብሎ ጻፈ፤ ይህንንም የተፈጥሮ ጉድለት አስመስሎ አቀረበው። ለየዘሩ የተለየ መለኪያ የማበጀቱ ልማድ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥም ለጥቁር አሜሪካውያን ዝቅ ያለ ቁጥር መድቦ ነበር።

የዚህን ትርጉም በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ገበሬ 3.2 ሊትር ተነፈሰ እንበል። በቁመቱና በዕድሜው ይጠበቃል የሚባለው 4 ሊትር ከሆነ አቅሙ በመቶ 80 ነው፤ ሐኪሙም ይጠራጠራል። ይጠበቃል የሚባለው ቁጥር «ጥቁር ነውና» ተብሎ ወደ 3.5 ዝቅ ሲል ግን ያው ትንፋሽ በመቶ 91 ይሆንና ሰውዬው «ጤነኛ ነህ» ተብሎ ይሰናበታል። ሳንባው ያው ነው፤ የተለወጠው ሠንጠረዡ ነው። በእርግጥ የሰው የአካል ቅርጽ፣ ለምሳሌ የደረትና የእግር ርዝመት ንጽጽር፣ በትንፋሽ መጠን ላይ ድርሻ አለው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ጭስ፣ የምግብ እጥረትና የልጅነት በሽታ የቀነሱት አቅም በዘር ስም ከተመዘገበ ድኽነት ተፈጥሮ መስሎ ይታያል፤ ተፈጥሮ ነው የተባለውንም ማንም ለማረም አይነሣም። ይህም በመታወቁ እ.ኤ.አ. በ2022 ዘር የማይለይ አዲስ ሠንጠረዥ ወጣ፤ በዓመቱም የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር በዚሁ እንዲሠራ መከረ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ከመካከላችን በአሰላ ሪፈራል ሆስፒታልም ሆነ በሌላ የማስተማሪያ ሆስፒታል ለልምምድ የምንወጣ አለን። ለሚያስለው ሰው ከትምባሆው ጥያቄ ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎች እንጨምር፤ በቤቱ ምን ይነዳል? ማድ ቤቱ የተለየ ነው ወይ? ከዚህ በፊት የነቀርሳ መድኃኒት ወስዷል ወይ? ትንፋሽ በተለካ ጊዜም በየትኛው ሠንጠረዥ እንደተመዘነ እንጻፍ። የነቀርሳ መድኃኒት የጨረሰ በሽተኛ ከመሰናበቱ በፊት ትንፋሹ ቢለካ መልካም ነው።

የኢኮኖሚና የእርሻ ተማሪዎችም የጭስ ማውጫ፣ የተሻሻለ ምድጃና የተለየ ማድ ቤት ስንት እንደሚያስወጡ፣ ወጪውንም መሸፈን የማይችለው ቤተሰብ የትኛው እንደሆነ ቢመረምሩ ጉዳዩ የሐኪም ብቻ ሆኖ አይቀርም። ብርዱን ከደጋ ላይ ማንሣት አንችልም። ጭሱን ግን ከቤት ማስወጣት፣ ሚዛኑንም ማቃናት በሰው እጅ ያለ ሥራ ነው።