ቡችላ በሌሊት ንጽሕናን የሚለምደው እንዴት ነው?

አንድ ቡችላ ከእናቱ ተለይቶ ወደ ሰው ቤት በገባበት የመጀመሪያ ሌሊት ሁለት ነገሮች ማድረጉ የተለመደ ነው። አንደኛው ማላዘን ሲሆን ሁለተኛው ወለሉን ማርጠብ ነው። የቤቱ ሰዎች ጧት ተነሥተው ይህን ባዩ ጊዜ አንዳንዶቹ ቡችላውን ይገርፉታል፤ አንዳንዶቹ አፍንጫውን ከሽንቱ ላይ ያሹታል፤ ሌሎቹ ደግሞ በማግሥቱ ምሽት ወደ ውጭ አውጥተው በሩን ይዘጉበታል። ሁለት ወር ገደማ ለሆነው እንስሳ የደጋ ሌሊት ብርድ ቀላል አይደለም። ጅብ በሚዞርበት ሰፈር ከሆነም በውጭ ያደረ ቡችላ ጧት ላይገኝ ይችላል። እንግዲህ በትዕግሥት ሊስተካከል የሚችል ነገር የእንስሳውን ሕይወት እስከ ማሳጣት ይደርሳል ማለት ነው። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የቡችላውን ተፈጥሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራሱ መሽናት እንኳ አይችልም። ሽንቱም ሆነ ዓይነ ምድሩ የሚወጣው እናቱ በምላሷ ስትልሰው ነው፤ የወጣውንም የምታጸዳው እርሷው ናት። ዕድሜው 3 ሳምንት ገደማ ሲሆን ግን መራመድ ይጀምራል፤ በዚያን ጊዜም ከሚተኛበት ሥፍራ ጥቂት ራቅ ብሎ መሽናትን ይለማመዳል። ከዚህ የምንረዳው ቡችላ መኝታውን ላለማቆሸሽ የተፈጥሮ ዝንባሌ ያለው መሆኑን ነው። የሚጎድለው ዐቅም ነው። የሽንት ፊኛው ትንሽ ነው፤ ሽንትን የሚቋጥሩት ጡንቻዎቹም ገና አልጠነከሩም። በግምት የ2 ወር ቡችላ ሽንቱን ይዞ ሊቆይ የሚችለው 3 ሰዓት ያህል፣ የ3 ወር ቡችላ ደግሞ 4 ሰዓት ያህል ነው። ከመኝታ እስከ ንጋት ያለው ጊዜ ግን ከዚህ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ በር ተዘግቶበት ያደረ ቡችላ ወለሉን ቢያረጥብ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የማይችለውን የጠየቀው ባለቤቱ ነው።

በመሆኑም ሥልጠናው የሚጀምረው ገና ከምሽቱ ነው። ለቡችላው የመጨረሻውን ምግብ በ12 ሰዓት ገደማ ስጡት። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የውሃውን ሳህን አንሡ። ይሁን እንጂ ቀን ቀን ንጹሕ ውሃ ከፊቱ ሊታጣ አይገባም፤ በቆላ አገር፣ ሙቀት በበረታበት ወቅት፣ በምሽትም ቢሆን ውሃ አይከልከል። ለመኝታው የካርቶን ወይም የእንጨት ሣጥን አዘጋጁለት። የሣጥኑ ስፋት ቡችላው ሊቆምበት፣ ሊዞርበትና ተዘርግቶ ሊተኛበት የሚበቃ ብቻ ይሁን። ከዚህ ከሰፋ ግን በአንደኛው ጥግ ተኝቶ በሌላው ጥግ ይሸናል። ሣጥኑንም ከራሳችሁ መኝታ አጠገብ አኑሩት። እንዲህ ሲሆን ቡችላው ብቸኝነት አይሰማውም፤ እናንተም ሲነቃ ትሰሙታላችሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የሌሊቱን ሰዓት መከፋፈል ያስፈልጋል። ለምሳሌ የ2 ወር ቡችላ ከሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓትና ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይወጣል። በምታወጡት ጊዜ በእግሩ እንዲሄድ ከመተው ይልቅ ዐቅፋችሁ ውሰዱት፤ አለዚያ በመንገዱ ላይ ይሸናል። ዘወትር ወደ አንድ ሥፍራ ብቻ ውሰዱት፤ የቀድሞው ሽታ ሥራውን ያስታውሰዋልና። በዚያም ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ አታጫውቱት። ሸንቶ እንደ ጨረሰ ወዲያውኑ በለሰለሰ ድምፅ አመስግኑት፤ ከዚያም ወደ መኝታው መልሱት። ተኝቶ ከቈየ በኋላ ነቅቶ ሲቁነጠነጥና ሲያላዝን ሽንቱ መጥቶበታልና ሰዓቱን ሳትጠብቁ አውጡት። ገና ሸንቶ እንደ ተመለሰ ቢያላዝን ግን እጃችሁን አስጠግታችሁ አባብሉት እንጂ መልሳችሁ አታውጡት። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ከሌሎች ውሾች በሽታ ሊይዘው ስለሚችል ከግቢው አጥር ውጭ አይውጣ።

መኝታው ለተከታታይ ሌሊቶች ደረቅ ሆኖ ከተገኘ የማውጫውን ሰዓት በግማሽ ሰዓት እያራዘማችሁ ሂዱ። በዚህ ዐይነት የ6ና የ9 ሰዓቱ መነሣት ከጊዜ በኋላ ወደ አንድ ይጠቃለላል። ብዙ ቡችሎች ከ4 እስከ 5 ወር ሲሆናቸው ሌሊቱን ሳይሸኑ ለማደር ይችላሉ።

ቢሳሳትስ? መምታት ፈጽሞ አይጠቅምም። ቡችላ ቁጣንም ሆነ ምስጋናን የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ከሚያደርገው ነገር ጋር ብቻ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ለሸናው ጧት ቢመታ ከዱላው የሚማረው ሰውን መፍራት ነው። ከዚያ በኋላ ሲሸና እንዳይታይ ከአልጋ ሥር ይደበቃል፤ ውጭ ሲያወጡትም በባለቤቱ ፊት መሽናትን ይፈራል። ጆሮውን ጥሎ አንገቱን ሲደፋ አይተን «ጥፋቱን ያውቃል» እንላለን፤ እርሱ ግን ያወቀው የእኛን ቁጣ ነው። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ወለሉን አጽዱ። በመጀመሪያ ሽንቱን በጨርቅ አድርቁ፤ ቀጥሎ በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ በመጨረሻም ኮምጣጤ በውሃ በጥብጣችሁ ወልውሉት። ሽታው ከቀረ ቡችላው ተመልሶ በዚያው ሥፍራ ይሸናል። በሽንት ላይ በረኪና አታፍስሱ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

ሥልጠናው የሠመረለት ቡችላ በድንገት ማርጠብ ቢጀምር፣ ቶሎ ቶሎ ቢሸና ወይም በሽንቱ ውስጥ ደም ቢታይ ግን ሕመም ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም መታየት አለበት።

«ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ቡችላንም ለማሳደግ የወሰነ ሰው የሚያስጨንቁትን ጥቂት ሌሊቶች ጭምር መቀበል ይኖርበታል። በእነዚያ ሌሊቶች ከሞቀ አልጋው የተነሣ ባለቤት ለዓመታት የሚያምነውን ውሻ ያገኛል፤ በዱላ የጀመረ ግን ወለሉም አይደርቅለትም፤ ውሻውም አያምነውም።