ሰይፉን አስቀምጦ ዶማ ያነሳው ጀግና፦ ለአዋቂዎች የሚሣሉ የጃፓን ሥዕላዊ ታሪኮች

በቡሌ ከተማ ዝናብ ሲጥል በሱቅ በረንዳ ሥር የሚጠለሉ ወጣቶች በስልካቸው ላይ አቀርቅረው ሲታዩ፣ ከሩቅ ላያቸው ሰው ጨዋታ የያዙ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ግን አንዳንዶቹ የሚያዩት በጥቁርና በነጭ የተሣሉ፣ በአራት ማዕዘን ሳጥኖች የተከፋፈሉ፣ የሰዎቹ ንግግር በአረፋ መሰል ክብ ውስጥ የተጻፈባቸው ገጾች ናቸው። ማንጋ ይሏቸዋል። ወላጆች ስለ እነዚህ ገጾች ሁለት ዓይነት ቅሬታ ያሰማሉ። አንዱ «ትልቅ ሰው ሆኖ የልጅ ሥዕል ያያል» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ በልጃቸው ስልክ ላይ ደም የሞላበት ገጽ አይተው ከደነገጡት የሚሰማ ነው። ሁለቱ ቅሬታዎች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ቢመስሉም የሚነሱት ከአንድ ያልተብራራ ነገር ነው፤ ማንጋ ለማን እንደሚሣል አለመታወቁ።

ማንጋ የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ ነው። በአገሩ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በሚወጡ መጽሔቶች በክፍል በክፍል ይታተምና ክፍሎቹ ሲጠራቀሙ በመጽሐፍ ይጠረዛሉ። ገጹ የሚገለጠውም ሆነ ሳጥኖቹ የሚነበቡት ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ዐረብኛ ያነበበ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። መጽሔቶቹ የሚለዩት በአንባቢያቸው ዕድሜና ጾታ ሲሆን ለታዳጊ ወንዶች የሚዘጋጁት ሾነን፣ ለታዳጊ ሴቶች የሚዘጋጁት ሾጆ፣ ለጎልማሶች የሚዘጋጁት ሰይነን ይባላሉ። እንግዲህ ከመጀመሪያውም ቢሆን የልጅና የአዋቂ ተብሎ የተከፈለ ጽሑፍ ነው። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተው ቪዝ ሚዲያ የተባለው አሳታሚ እነዚህን ሥራዎች ወደ እንግሊዝኛ እያስተረጎመ ሲያወጣ፣ ለበሰለ አንባቢ የሚመጥኑትን መርጦ «ቪዝ ሲግኒቸር» በሚል የተለየ መለያ ያትማቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚነሱት በዚህ መለያ ከወጡት መካከል በተለይ ለገበሬና ለገጠር ኑሮ ቅርብ የሆኑት ናቸው።

በነገራችን ላይ ሥዕልን ከሥዕል አያይዞ ታሪክ መናገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በ44 አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ፣ ከየሥዕሉ ሥር አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ተጽፎበት፣ በአንድ ሸራ ላይ የሚሣልበት የቆየ ልማድ አለ። ያንን ሸራ ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ የሚሰቅለው ትልቅ ሰው ነው። የልጅ ነገር ነው የሚለው ማንም የለም።

ከጃፓኖቹ ሥራዎች መካከል የዚህን ጸሐፊ ልብ ይበልጥ የያዘው «ቫጋቦንድ» ነው፤ ትርጉሙ ተንከራታች ማለት ነው። ሠዓሊው ታኬሂኮ ኢኖዌ ቀደም ሲል «ስላም ዳንክ» በተባለው የቅርጫት ኳስ ታሪክ የታወቀ ሲሆን ይህንን ሥራ «ሞርኒንግ» በተባለው የጎልማሶች መጽሔት ላይ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። መነሻው ኤጂ ዮሺካዋ ከ1935 እስከ 1939 በጋዜጣ ላይ በተከታታይ ያሳተመው «ሙሳሺ» የተሰኘ ልብ ወለድ ነው። ሙሳሺም የፈጠራ ሰው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1645 ያረፈ፣ በጃፓን ታሪክ ስሙ የገነነ የሰይፍ ተዋጊ ነው። የኢኖዌ ሥራ በ2002 በጃፓን ለሥዕላዊ ታሪክ ከሚሰጡት ከፍተኛ ክብሮች አንዱ የሆነውን የቴዙካ ኦሳሙ የባህል ሽልማት ታላቁን ሽልማት አግኝቷል።

ታሪኩ ሲጀመር ሙሳሺ አንድ ነገር ብቻ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ከፀሐይ በታች የሚችለው እንዳይኖር። በየአገሩ እየዞረ ስመ ጥር ተዋጊዎችን ይገጥማል። ደም በብዛት ይፈስሳል፤ መጽሐፉ ለአዋቂ ብቻ ተብሎ የተለየውም ያለምክንያት አይደለም። ብዙ መጽሐፍ ከዘለቀ በኋላ ግን ታሪኩ አንባቢ ወዳልጠበቀው ይታጠፋል። ሙሳሺ በአንድ ትልቅ ፍልሚያ እግሩ ቆስሎ፣ በመግደል ደክሞ ሲንከራተት አንድ የደኸየ መንደር ይደርሳል። እዚያም አባቱ የሞተበት ኢዮሪ የተባለ ልጅ ያገኛል፤ ከልጁም ጋር ይቀመጣል። መሬቱ እህል የማይሰጥ ነው። የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ተስፋ የቆረጡበትን ያንን መሬት ሙሳሺ አለማዋለሁ ብሎ ይነሳል።

ከዚህ በኋላ ያሉት ምዕራፎች ፍልሚያ ለለመደ አንባቢ ቀርፋፋ ናቸው። ገጽ በገጽ ላይ የሚታየው የሚቆፍር ሰው፣ ጭቃ፣ ውሃና ሰማይ ነው። ለዚህ ጸሐፊ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጡት እነዚህ ናቸው። ሙሳሺ በመጀመሪያ መሬቱን እንደ ጠላት ይገጥመዋል፤ በጉልበቱ ሊያንበረክከው ይፈልጋል። መሬቱ ደግሞ አይታዘዝም። ሰይፍ የለመደ እጅ ዶማ ላይ ምን ያህል ጀማሪ እንደሆነ ሠዓሊው ያለ ርኅራኄ ያሳያል። ሩዝ ማምረት በተለይ የውሃ ሥራ ነው። ማሳው መስተካከል፣ ዙሪያው በዝቅተኛ ግድብ መከበብ፣ ውሃው በልኩ መግባትና በልኩ መውጣት አለበት። ችግኙም በመደብ ላይ አድጎ ወደ ማሳው የሚዛወርበት የራሱ ጊዜ አለው። ይህንን ሁሉ ሙሳሺ አያውቅም። የሚያውቀው በመንደሩ ያለ ልምድ ያለው ገበሬ ነው፤ በሰይፍ ማንም ያልቻለው ሰው በዚህ ገበሬ ፊት ተማሪ ሆኖ ይቆማል። በመነሻው ልብ ወለድ ውስጥም ሙሳሺ በግትርነት ያቀናውን ማሳ ጎርፍ ይዞበት ከሄደ በኋላ ነው፣ ውሃውን በራሱ ፈቃድ ሊያዘው መሞከሩ ስህተት እንደነበረ የሚገባው። ውሃው መሄድ በሚፈልግበት መንገድ መምራት እንጂ መግታት አይቻልም።

በቡሌ ተዳፋት ላይ ያረሰ ሰው ይህንን ለመረዳት የጃፓን ታሪክ ማንበብ አያስፈልገውም። የክረምት ጎርፍ ከላይ ሲመጣ እርከኑ በልኩ ካልተሠራ፣ ውሃው የሚወጣበት ቦይ ካልተበጀለት፣ የዓመት ድካም በአንድ ከሰዓት ወደ ታች እንደሚወርድ ያውቃል። አስገራሚው ነገር ይህ የገበሬ ዕውቀት በዓለም ዙሪያ በሚነበብ የጦረኛ ታሪክ ውስጥ ከሰይፍ ጥበብ በላይ ተደርጎ መቀመጡ ነው።

በመጨረሻ ረሃብ ወደ መንደሩ ይገባል። በዚህ መሃል የኮኩራ ግዛት ሰዎች ሙሳሺን የሰይፍ አሠልጣኝ አድርገው ሊወስዱት ይፈልጉታል። ለእንደ እርሱ ላለ ተዋጊ የሕይወት ዘመን ዕድል ነው። እርሱ ግን በፊታቸው ተንበርክኮ የሚለምነው ለራሱ ሹመት ሳይሆን ለመንደሩ ሰው የሚበላ ነው። ለማንም አንገቱን ያልደፋ ሰው በእህል ምክንያት ጉልበቱን መሬት ያስነካል። ይህ ሥዕል ብቻውን ብዙ ፍልሚያ ያስረሳል። ተከታታዩ 37ኛው መጽሐፍ ላይ ደርሶ ከ2015 ጀምሮ ተቋርጧል፤ የግብርናው ታሪክ የሚገኘውም በእነዚሁ በመጨረሻዎቹ መጽሐፎች ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል፤ ደምም ሰይፍም የለበትም። «ኦይሺንቦ» ይባላል። ደራሲው ቴትሱ ካሪያ፣ ሠዓሊው አኪራ ሃናሳኪ ናቸው፤ በጃፓን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን ከ100 በላይ መጽሐፎች ወጥተውለታል። ዋናው ገጸ ባሕርይ የጋዜጣ ዘጋቢ ነው። ጋዜጣው መቶኛ ዓመቱን ለማክበር ከሁሉ የላቀውን የምግብ ዝርዝር እንዲያዘጋጅ ይመድበዋል፤ ተፎካካሪው ደግሞ የተጣላው የገዛ አባቱ ነው። ቪዝ ሚዲያ ከዚህ ረጅም ሥራ በርዕሰ ጉዳይ እየመረጠ በ2009 እና በ2010 ሰባት መጽሐፎች አውጥቷል፤ ከእነዚህ አንዱ ስለ አትክልት፣ አንዱ ስለ ሩዝ ነው። አባትና ልጅ የሚከራከሩት ስለ ወጥ ቤት ቢመስልም ክርክሩ ደጋግሞ ወደ ማሳ ይመለሳል፤ አፈሩ ምን ነበር፣ ምን ተረጨበት፣ መቼ ተለቀመ፣ ከተለቀመ በኋላ ስንት ሰዓት ቆየ?

ይህ ለጌዴኦ አምራች የሩቅ ወሬ አይደለም። ጃፓን የኢትዮጵያን ቡና በብዛት ከሚገዙ አገሮች አንዷ ናት። ይህች አገር እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2006 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ መሠረት፣ የተለየ ልክ ባልተወሰነለት ፀረ ተባይ ላይ የሚፈቀደው ቅሪት በአንድ ኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በገበያችን ቋንቋ ሲሰላ በ1,000 ኩንታል ቡና ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። በ2008 ከኢትዮጵያ በተላከ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የኬሚካል ቅሪት በመገኘቱ የጃፓን ግዢ በእጅጉ ወደቀ። ቡናውን የሚያመርተው ገበሬ አብዛኛው ፀረ ተባይ የማይረጭ ነው፤ ታዲያ ከየት መጣ ሲባል ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። አንድ ገበሬ ዓመት ሙሉ ተጠንቅቆ ያደረሰውን ቡና አንድ የተበከለ ጆንያ ዋጋ ሊያሳጣው ይችላል። የኬሚካልና የማዳበሪያ ከረጢት ለቡና አይሁን የሚለው የግብርና ባለሙያዎች ምክር፣ ከቶኪዮ ገዢ አንጻር ሲታይ ክብደቱ ይታወቃል። «ኦይሺንቦ»ን ያነበበ ሰው ያ ገዢ ለምን እንዲህ እንደሚጨነቅ ይገባዋል፤ ጉዳዩን ከሕግ አንቀጽ ይልቅ ከምግብ ጠረጴዛ ላይ ያየዋልና።

ሥራው ግን ያለ ነቀፋ አልቀረም። በ2014 ገጸ ባሕርያቱ የኒውክሌር አደጋ የደረሰበትን የፉኩሺማ ጣቢያ ጎብኝተው ሲመለሱ ዋናው ገጸ ባሕርይ ነስር እንደያዘው ተደርጎ ተሣለ። የአካባቢው አስተዳደሮች በምርታቸውና በስማቸው ላይ የተወራ መሠረት የሌለው ወሬ ነው ብለው በብርቱ ተቃወሙ፤ ተከታታዩም ተቋረጠ። አንድ ሥዕል የአንድን አካባቢ ገበሬዎች ገበያ ሊነካ ይችላል ብሎ መንግሥት መግለጫ የሚያወጣበት አገር ላይ ማንጋ የልጅ መጫወቻ ነው ማለት ያስቸግራል።

በዚሁ መለያ ከወጡት ሌሎች ሥራዎች መካከል የናኦኪ ኡራሳዋ «ሞንስተር» በጀርመን የሚሠራ ጃፓናዊ ሐኪም፣ ከከንቲባው አስቀድሞ ሕይወቱን ያተረፈው ሕፃን አድጎ ነፍሰ ገዳይ ሲሆን የሚገባበትን ጭንቅ ይተርካል። የጁንጂ ኢቶ «ኡዙማኪ» ደግሞ አስፈሪ ታሪክ ነው፤ በሌሊት ባይነበብ ይመከራል።

እንግዲህ ወደ ወላጆች ስጋት ስንመለስ፣ በታተመው መጽሐፍ ሽፋን ላይ የዕድሜ ምልክት አለ። «ኤም» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑት ማለት ነው፤ «ቫጋቦንድ»ም ይህ ምልክት አለበት። ችግሩ በስልክ የሚዘዋወሩት ገጾች አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የተቀዱ በመሆናቸው ምልክቱ ከነሽፋኑ የሚቀር መሆኑ ነው። ስለዚህ ልጁን «ይህን ተው» ከማለት በፊት የመጽሐፉን ርዕስ መጠየቅ ይሻላል፤ ርዕሱ ከታወቀ ለስንት ዓመት ሰው እንደተዘጋጀ ማወቅ ቀላል ነው። የ12 ዓመት ልጅ «ኡዙማኪ»ን ይዞ ከተገኘ ወላጁ መቆጣቱ አግባብ ነው። የ25 ዓመት ወጣት «ቫጋቦንድ»ን ሲያነብ ከተገኘ ግን ምናልባት አጠገቡ ተቀምጦ ሙሳሺ ዶማ የያዘበትን ገጽ አሳየኝ ማለት ይቻላል።

በአገራችንም ጅምሩ አለ። ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው «ጀምበር» ከትምህርት ተመርቆ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ልዩ ኃይል ሲያገኝ የሚሆነውን የሚተርክ ሥዕላዊ ታሪክ ነው። ይህ የከተማ ታሪክ ነው። የገጠሩ ገና አልተሣለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሚሣል ነገር ጠፍቶ ግን አይደለም። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ የተመዘገበው ከዛፍ ሥር እንሰት፣ ከእንሰት ጋር ቡና አጎራብቶ የሚያኖረው የገበሬው ሥራ ነው።

ከዚያ ሥራ ውስጥ አንዱን ብቻ እንውሰድ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከተክል ወደ ተክል እንዴት እንደሚተላለፍ በስብሰባ ላይ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰውም አይሰማም። በሥዕል ቢሆን ሦስት ሳጥን ይበቃዋል። በመጀመሪያው፣ ቅጠሉ የጠወለገ እንሰት ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ቢላዋው ላይ ይታያል። በሁለተኛው፣ ያው ቢላዋ በእሳት ሳይተኮስ ጤነኛውን እንሰት ይነካል። ሦስተኛው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያለው ጓሮ ነው፤ እዚያ ላይ ንግግር አያስፈልግም።