የቀጥቃጭ ቤት በጌዴኦ ምድር

ቀጥቃጭ ብረትን በከሰል እሳት አግሎ፣ መስፍ ላይ አኑሮና በመዶሻ ደብድቦ መሣሪያ የሚያወጣ የእጅ ባለሙያ ነው። ሙያው ከብየዳም ብረት አቅልጦ በቅርጽ ከማፍሰስም ይለያል። በያጅ ሁለት ብረት ያገናኛል፤ አቅላጭ ፈሳሹን ብረት በተዘጋጀ ቅርጽ ውስጥ ያረጋዋል፤ ቀጥቃጭ ግን ብረቱን ሳያቀልጥ በሙቀት አለስልሶ ያስረዝመዋል፣ ያሳጥረዋል፣ ያጥፈዋል፣ ይበሳዋል። የሚባክነውም ጥቂት ነው። ወፍራሙ ተገፍቶ ቀጭን፣ አጭሩ ተስቦ ረጅም ይሆናል እንጂ አብዛኛው ተቆርጦ አይጣልም።

ይህ ሙያ ከግብርና ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ ለማየት ጌዴኦ ጥሩ ቦታ ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከዲላ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋጨፌ ሲዘለቅ መሬቱ ተዳፋት፣ እርሻውም ደን ነው። ከላይ ትላልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናና ሌላው ተክል በአንድ ማሳ ተደራርበው ይበቅላሉ። ዩኔስኮ ይህን የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ስለ ቅርሱ ሲወራ ጥላ ዛፉ፣ ቡናው፣ ትክል ድንጋዮቹና የአባቶች ሥርዓት ይነሳሉ፤ ይገባቸዋልም። የሚዘለለው መሣሪያው ነው። ተዳፋት በሆነና በተክል በተሞላ ማሳ ጥማድ በሬ አይዞርም። ይህን የመሰለ እርሻ ለብዙ ትውልድ ያቆየው የሰው ክንድና በክንዱ ጫፍ ያለው ብረት ነው፤ ብረቱን ያሰናዳውም ቀጥቃጩ ነው።

በዚህ ማሳ እያንዳንዱ ተክል የራሱን ብረት ይፈልጋል። ዛፍ ለመቁረጥና ቅርንጫፉን ለማሳሳት መጥረቢያ፣ ቁጥቋጦና አረም ለመመንጠር ገጀራ፣ ሣር ለማጨድ ማጭድ፣ የቡናውን ሥር ለመኮትኮትና ችግኝ ለመትከል ዶማና መኮትኮቻ ያስፈልጋሉ። እንሰት ሲደርስ ግንዱን የሚጥለው፣ ቅጠሉን የሚገፍፈው፣ ሐምቾውን (የግንዱን ሥር) ከመሬት የሚፈነቅለው ብረት ነው። ግንዱን መፋቅ ላይ ቀርከሃ የብረቱን ቦታ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቆጮው ከመጋገሩ በፊት በውስጡ ያለውን ጭረት የሚከትፈው ተመልሶ ቢላዋ ነው። ቀዩ አፈርና በውስጡ ያለው ድንጋይ ስለትን ቶሎ ይበላሉ። ስለዚህ አንድ ዶማ ተሠርቶ የሚረሳ ዕቃ አይደለም፤ ሲዶለዶም ወደ እሳት ይመለሳል፣ ጫፉ ይሳባል፣ እንደገና ይሳላል። ከፋብሪካ የወጣው ገጀራና ዶማ ገበያውን ቢያጣብበውም ለጥገናው አሁንም የሚሄዱት ወደ ቀጥቃጩ ነው።

የቀጥቃጭ ቤት ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ዝቅ ያለ ጥላ፣ መሬት ላይ የተቆፈረ ወይም በጭቃ የተሠራ ምድጃ፣ ወናፍ፣ መስፍ፣ ሁለት ሦስት መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሞረድና ውሃ የሞላ ገንዳ ይበቃሉ። ቤቱ ጨለም ያለ መሆኑ ምክንያት አለው። ቀጥቃጭ የብረቱን ሙቀት የሚለካው በቀለሙ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ደግሞ የጋለ ብረት ቀለሙ አይለይም። ነባሩ ወናፍ ከፍየል ቆዳ የሚሠራ ከረጢት ሲሆን አፉ በሁለት እንጨት ተይዞ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከፍተው ሲያነሱት አየር ይሞላል፤ ዘግተው ሲጫኑት አየሩ በሸክላ ቱቦ በኩል ወደ ከሰሉ ይነፍሳል። ሁለት ወናፍ ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ሲነሳ ሌላው ስለሚጫን ትንፋሹ አይቋረጥም። የሸክላው ቱቦ እሳቱ ወደ ቆዳው እንዳይደርስ ይከላከላል። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የቀጥቃጭ ሚስት ሸክላ ሠሪ መሆኗ ለሙያውም የሚጠቅም ጥምረት ነበር፤ በእሳት የሚሠሩት ሁለት ሙያዎች በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። መስፉ ደግሞ ጠንካራ ድንጋይ ወይም በጉቶ ላይ የተተከለ ወፍራም ብረት ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ከባድ መሆኑና አለመነቃነቁ ነው፤ የሚነቃነቅ መስፍ የመዶሻውን ጉልበት ይሰርቃል።

ብረቱ ከየት ይመጣል? ቀድሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ብረት ያዘለ ድንጋይ በከሰል ምድጃ እያነጠሩ የሚያወጡ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የደቡብ ኦሞዎቹ ዲሜዎች በዚህ ይታወቃሉ። የፋብሪካ ብረት በመኪና ተጭኖ መግባት ሲጀምር ያ አድካሚ ሥራ ቀረና ቀጥቃጩ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ዞረ። ዛሬ ከሁሉ የሚፈለገው የመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን ያለው አረብ ብረት በመሆኑ ሲጠነክር ስለት ይይዛል። የግንባታ ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ለሚስማር፣ ለማንጠልጠያና ለበር መዝጊያ ይሆናል እንጂ ለቢላዋ አይሆንም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ደክሞ በአንድ ሳምንት የሚዶለዶም መሣሪያ ያወጣል። የወዳደቀ ብረት ለአዲስ ሥራ የሚውለው በገጠር ብቻ አይደለም፤ የአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከበርሜልና ከአሮጌ ብረት ምድጃ፣ መጥበሻና መሣሪያ በማውጣት ስሟ የታወቀ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከእሳቱ ነው። ከሰሉ ትንንሽ ሆኖ ይሰበራል፣ በወናፉ አፍ ፊት ይከመራል። ብረቱ የሚገባው በክምሩ መሃል ነው። ከቱቦው አፍ ጋር ከተገናኘ አዲስ አየር ስለሚያገኘው ቅርፊት እያበጀ ይበላል፤ ከላይ ከተቀመጠ ደግሞ አይግልም። ሙቀቱ ሲጨምር ብረቱ መጀመሪያ ድፍን ቀይ፣ ቀጥሎ ደማቅ ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካንማና ቢጫ ይሆናል። በቢጫውና በብርቱካንማው መካከል፣ ከ1000 እስከ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት፣ ብረት ለመዶሻ በደንብ ይታዘዛል። ወደ ነጭነት ሄዶ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ራሱ መቃጠል ጀምሯል ማለት ነው። ከድፍን ቀይ በታች ሲወርድ ደግሞ መደብደቡ ስንጥቅ ያመጣል። ስለዚህ የሥራው ጊዜ አጭር ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን ከእሳት ከማውጣቱ በፊት የት እንደሚመታ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያገላብጥ አስቦ ይጨርሳል፤ ካወጣው በኋላ የሚያስብበት ጊዜ የለውም።

ገጀራ ሲሠራ የባሌስትራው ቁራጭ በመጀመሪያ ቀጥ ይደረጋል፤ ከዚያ የእጀታው ጭራ ይሳባል፤ በመጨረሻ አፉ ከአንድ ወገን ይሳሳል። አንዱን ጠርዝ ማሳሳት ብረቱን ስለሚያስረዝመው ምላጩ ወደ ጀርባው ይጎብጣል፤ ልምድ ያለው ቀጥቃጭ ይህን አስቀድሞ አውቆ ብረቱን በተቃራኒው ያጎብጠውና ሲጨርስ ራሱ ይቃናል። የመጥረቢያ ሥራ የሚከብደው በዓይኑ ላይ ነው። ዛቢያው የሚገባበት ቀዳዳ በጋለው ብረት ላይ በመብሻ ተበስቶ በዘንግ ይሰፋል፤ ከመሃል ትንሽ ከዞረ መጥረቢያው ዕድሜ ልኩን ይጣመማል። ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ባለሙያው በትንሽ መዶሻ ቦታውን ያመለክታል፣ ረዳቱ በትልቁ ይመታል። ንግግር አይኖርም፤ የትንሿ መዶሻ ድምፅ ትእዛዙን ሁሉ ይሰጣል።

ከቅርጹ በኋላ ያለው የማጠንከር ሥራ የሙያው ረቂቅ ክፍል ነው። ባሌስትራ ደማቅ ቀይ እስኪሆን ይግላል። በዚህ ሙቀት አካባቢ አረብ ብረት በማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ ማግኔት ያለው ጀማሪ በዚህ ምልክት ሊጠቀም ይችላል። ከዚያ በዘይት ውስጥ በድንገት ይነከራል። ውሃ ፍጥነቱ ስለሚበዛ ባሌስትራን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከዘይት የወጣው ምላጭ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው፤ ድንጋይ ቢነካ ጫፉ ይረግፋል። ስለዚህ ላዩ በመሳያ ድንጋይ ጠርቶ ቀስ ተብሎ እንደገና ይሞቃል። 220 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ላዩ ገለባማ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ ይሆናል። ለቢላዋ በቢጫው ላይ ይቆማል፤ ድንጋይና ግንድ ለሚመታ መሣሪያ ወደ ሰማያዊው ይጠጋል። ፊደል ያልቆጠሩ ባለሙያዎች ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው ብረትን በቀለሙ ብቻ እያነበቡ ይህን ዕውቀት ለልጅ ልጅ አስተላልፈዋል። ይህ ሳይንስ ነው፤ በሳይንስነቱም ሊከበር ይገባዋል።

ክብሩ ግን ለዘመናት ተነፍጓቸው ኖሯል። በሰሜኑም በደቡቡም ኢትዮጵያ ቀጥቃጭ በቡዳነት ተጠርጥሯል። በብዙ የደቡብ ማኅበረሰቦች ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡና መሬት እንዳይኖራቸው ተደርገው ኖረዋል። ማሳው ያለ ዶማቸው አይታረስም ነበር፤ ወደ ማዕዱ ግን አይቀርቡም ነበር። ነገሥታት ግን ሙያውን ይፈልጉት ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የብረት ሥራ መንደር አቋቁመው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውን ሠራተኛ በሙያው መስደብን ከለከሉ። ኑሮን በቀጥታ የነካው ግን የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው፤ መሬት ያልነበረው የእጅ ባለሙያ እንደ ማንኛውም ገበሬ መሬት የማግኘት መብት አገኘ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት ማድረግን ከልክሎ፣ ለዜጋ መተዳደሪያውን የመምረጥ መብት ሰጥቷል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ልማዱ ግን ከሕጉ ዘግይቶ ይራመዳል።

ከመሬት አዋጁ በኋላ በገጠር ብዙ ቀጥቃጮች ገበሬም ሆኑ። ማሳ ያለው ቀጥቃጭ ሁለት ኑሮ አለው፤ እንደ ይርጋጨፌ ባለ የቡና አገር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማው እጅ ሁሉ ይወስዳል፤ ከዚያ ሲለቀቅ ወደ ወናፉ ይመለሳል። በሌላው ዓለም ደግሞ ሙያውን በትርፍ ጊዜ የሚይዙ፣ በትውልድ ሳይሆን በፍቅር የገቡ ብዙዎች አሉ። ፋብሪካው ቀጥቃጭን ሊያጠፋ በተቃረበበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የተሰባሰቡ ጥቂት ባለሙያዎች የሰሜን አሜሪካ ቀጥቃጮችን ማኅበር መሠረቱ፤ መምህሩም ሐኪሙም ቅዳሜ መዶሻ የሚያነሳበት ባህል እንደገና ተስፋፋ። በኢትዮጵያ ሙያው አልጠፋም። እዚህ የጎደለው ባለሙያ ሳይሆን ከባለሙያ ቤት ውጭ የተወለደ ሰው ያለ ሐፍረት የሚገባበት በር ነው።

ሙያውን አዲስ የሚጀምር፣ ወይም ለዓመታት ትቶት የሚመለስ ሰው ቀድሞ የሚጠፋበት ጉልበቱ አይደለም፤ ጊዜን መለየት ነው። ዓይን ቀለሙን ይዘነጋል፣ እጅ ከብረቱ መቀዝቀዝ ጋር መሽቀዳደም ይጀምራል፣ በቀዘቀዘ ብረት ላይ መደብደብም ይከተላል። መድኃኒቱ ትንሽ ሥራ ነው። ሚስማር፣ ማንጠልጠያ፣ የእሳት መቆስቆሻ በተደጋጋሚ መሥራት መሳብን፣ ማጠፍንና ማሾልን ሦስቱንም ያስታውሳል፤ ከመጥረቢያ የሚጀምር ብዙ ከሰል ያቃጥላል። አንድ ኪሎ የሚሆን መዶሻ ይበቃል። እጀታው ላላ ተደርጎ ይያዛል፣ መዶሻው በራሱ ክብደት እንዲወርድ ይተዋል፤ አጥብቆ የሚጨብጥ ክርኑን ያመዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከሚያውቅ ሰው ጎን ተቀምጦ ወናፍ መንፋት ነው። በነባሩ አሠራር ልጅ ከመዶሻ በፊት ለረጅም ጊዜ ወናፍ ይነፋ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እሳቱን የማያውቅ ብረቱን አያውቅም።

አደጋውም መታወቅ አለበት። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ የቀጥቃጭ ቤት ጨለም ይበል እንጂ ነፋስ የሚያልፍበት መሆን አለበት። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮና ቱቦ እሳት ውስጥ ሲገባ የሚያወጣው ነጭ ጢስ ትኩሳትና የሳንባ ሕመም ያመጣል። ሁለት ጫፉ የታሸገ ቱቦ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ከጋለ ብረት የሚፈናጠረው ቅርፊት ዓይን ስለሚያጠፋ መነጽር ግድ ነው። ናይለን የሆነ ልብስ ሥጋ ላይ ይቀልጣል፤ ጥጥና ቆዳ ይሻላል። ቀይ ያልሆነ ብረትም ያቃጥላልና ከእሳት አጠገብ ያለ ማንኛውም ብረት እንደጋለ መቆጠር አለበት።

የጌዴኦን መልክዓ ምድር ለመጠበቅ የሚሠሩ ሁሉ ከዛፉና ከድንጋዩ ጋር የቀጥቃጩንም ቤት ከቅርሱ ይቁጠሩት። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ከብየዳው ጎን ቅጥቀጣን ያስተምሩ፤ ነባሮቹን ባለሙያዎችም በመምህርነት ይጥሯቸው፣ እንደ መምህርም ይክፈሏቸው።