ከክሬዲት ካርድ በጥሬው ስለሚወጣ ገንዘብና ስለ ወለዱ

የስድስቱ ቀን ጾም ተፈጽሞ የሸዋል ዒድ በሚከበርበት ሰሞን ከቶሮንቶ፣ ከሜልበርንና ከዋሽንግተን ወደ ሐረር የሚመጡት ወገኖቻችን፣ ዕድሜዬን በባንክ ቤት መዝገብ ላይ መፍጀቴን ስለሚያውቁ፣ ወደየሚኖሩበት ከተመለሱ በኋላ የሒሳብ መግለጫቸውን በቴሌግራም እየላኩ «ጋሼ፣ ያወጣሁት ይህን ያህል፣ የተጻፈብኝ ሌላ፤ ነገሩ እንዴት ነው?» ይሉኛል። (የካርዳችሁ ቍጥር የሚታይበትን ወረቀት ለእኔም ቢሆን አትላኩ።) ለያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ነገሩን ከሥሩ አንሥቶ አንድ ጊዜ ጽፎ ማኖር ይሻላል ብዬ ይህችን ሐተታ አቀረብሁ።

እንግዳው በከተማችን ያለ ጥሬ ብር ብዙም አይራመድም። በመኪና ግርግር መንገድ ዳር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ልብስ የሚሰፋለት ባለሙያ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ባለኅብር ስፌት የምትሸጥለት እናት፣ በፈረስ መጋላ ቆሞ የሚጠብቀው የባጃጅ ነጂ፣ ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ የሚቀበሉበት መሣሪያ የላቸውም፤ ለመረዳጃው ማኅበር ለአፎቻ የሚዋጣውና በአክስትና በአያት መዳፍ የሚጨበጠውም እንዲሁ ጥሬ ብር ነው። ስለዚህ ከኪሱ ካርዱን አውጥቶ ወደ ኤቲኤም ይሄዳል፤ ምስጢር ቍጥሩን ይመታል፤ ብሩም ተቈጥሮ በወጣ ጊዜ የገዛ ገንዘቡን ከገዛ ሣጥኑ ያነሣ ይመስለዋል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ዴቢት የሚባለው ካርድ በባንክ ካስቀመጥነው ከገዛ ጥሪታችን ላይ የሚቀንስ ሲሆን፣ በአገራችን ባንኮች ለአብዛኛው ደንበኛ የሚሰጠውም ይኸው ነው፤ ክሬዲት የተባለው ግን ባለካርዱ በስሙ አንዲት ሳንቲም ሳያስቀምጥ አውጪው ባንክ እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ሊያበድረው የገባለት ቃል ስለ ሆነ፣ ከማሽኑ የወጣው ብር ከመጀመሪያይቱ ቅጽበት አንሥቶ ዕዳ ነው። ማሽኑ ግን ሁለቱንም ካርዶች በአንድ ዐይነት ትሕትና ያስተናግዳል፤ ልዩነታቸውን አይናገርም።

«እኔ እኮ በክሬዲት ካርድ ስገዛ ኖሬ ወለድ ከፍዬ አላውቅም» የሚል አለ፤ እውነቱን ነው። በካናዳም ሆነ በአሜሪካ ባለካርዱ ያለፈውን ወር ዕዳ ሙሉ በሙሉ የሚከፍል ከሆነ፣ ለገዛበት ዕቃ ከሒሳብ መግለጫው በኋላ ቢያንስ የ21 ቀን ያህል ከወለድ ነጻ የሆነ ጊዜ ያገኛል፤ ሰፈር ውስጥ ከሚታወቅ ባለሱቅ በዱቤ ወስዶ በወሩ መጨረሻ እንደሚከፍል ደንበኛ መሆኑ ነው። ይህ የጸጋ ጊዜ ግን በጥሬው ለወጣ ገንዘብ ፈጽሞ አይሠራም። ምክንያቱም ስውር አይደለም፦ ዕቃ ሲገዛ ነጋዴው ከሽያጩ ጥቂት በመቶ ለባንኩና ለካርዱ ድርጅት ስለሚከፍል ባንኩ ድርሻውን ከዚያ ያገኛል፤ ጥሬ ገንዘብ ሲወጣ ግን በመካከል የሚከፍል ነጋዴ የለም፤ ከዚህም በላይ በካርድ ጥሬ ገንዘብ የሚበደር ሰው ባንኮች በብርቱ የተቸገረ ነው ብለው ስለሚጠረጥሩት፣ ወለዱን ለግዢ ከሚያስከፍሉት አብልጠው ይጭኑበታል።

አንድ ምሳሌ ልቁጠር፤ መጠኑ ከካርድ ካርድ ይለያያል። አንድ ባለካርድ ከአንድ ማሽን የ500 ዶላር ግምት ያለው ብር አወጣ እንበል። አውጪው ባንክ ለማውጣቱ ብቻ 5 በመቶ፣ ማለትም 25 ዶላር ይጽፍበታል፤ በባዕድ ገንዘብ ስለ ተፈጸመ ደግሞ 3 በመቶ፣ ማለትም 15 ዶላር ይጨምራል፤ የማሽኑ ባለቤት ባንክም በበኩሉ የአገልግሎት ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል፤ እርሱን እንተወው። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን ዕዳው 540 ዶላር ነው። የዓመቱ ወለድ 30 በመቶ ቢሆን ለ365 ተካፍሎ በየቀኑ 44 ሳንቲም ያህል ይታሰብበታል፤ በማግሥቱም ወለዱ ራሱ ከዋናው ጋር ተደምሮ ወለድ ያፈራል። በ30 ቀን ወለዱ ወደ 13 ዶላር ተኩል ይጠጋል፤ ባለካርዱ ዓመት ሙሉ ቢዘነጋው፣ የመዘግየት ቅጣት ሳይቈጠር፣ ዕዳው ወደ 729 ዶላር ይደርሳል። ልብ በሉ፦ በወር ውስጥ ለሚከፍል ሰው የሚያቈስለው ወለዱ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን የተጻፈው 40 ዶላር ነው። እንግዲያው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማውጣትም መፍትሔ አይሆንም፤ ብዙ ባንኮች ለያንዳንዱ ማውጣት ዝቅተኛ ክፍያ ስለሚወስኑ።

ሁለት ረቂቅ ነገሮች ይቀራሉ። ፊተኛው የአከፋፈል ቅደም ተከተል ነው፤ በአሜሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የካርድ ሕግ ከዝቅተኛው ወርኃዊ ክፍያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ከፍተኛ ወለድ ወዳለበት ዕዳ እንዲውል ያስገድዳል፤ ዝቅተኛውን ብቻ የሚከፍል ሰው ግን ክፍያው ባነሰ ወለድ ወደ ተገዛው ዕቃ ሊሄድ ስለሚችል፣ በጥሬው ያወጣው ዕዳ ሳይነካ ይኖራል። ሁለተኛው፣ የሒሳብ መግለጫው ከተዘጋበት ቀን እስከ ተከፈለበት ቀን ድረስም ወለዱ ስለሚቈጠር፣ «ሁሉን ከፍዬ ጨረስሁ» ባለ በሚቀጥለው ወር ጥቂት ዶላር መጥታ ትገኛለች፤ ብዙ ሰው ተጭበረበርሁ የሚለው በዚች ምክንያት ነው፤ ማጭበርበር ግን አይደለም፤ በውሉ ተጽፋለች።

ሐረር ከባንክ ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ከአዲስ አበባ ውጭ ቅርንጫፍ ካቆመባቸው ቀዳሚ ከተሞች አንዲቱ እርሷ ነበረች። ወለድን በሚመለከት ግን በጁገል ቅጥር ውስጥ ያሉት መስጊዶችና በዚያው የሚገኘው መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ምዕመኖቻቸውን የሚያስተምሩት ተቀራራቢ ነው፤ ቁርኣን ሪባን፣ ማለትም ወለድን፣ አጥብቆ ይከለክላል፤ በእኛም ዘንድ የዳዊት 14ኛው መዝሙር ገንዘቡን በአራጣ የማያበድረውን በእግዚአብሔር ድንኳን ከሚያድሩት ጋር ይቈጥረዋል፤ ፍትሐ ነገሥትም አራጣን ያወግዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ2479ኛው አንቀጹ ተዋዋዮች ከ12 በመቶ የበለጠ የዓመት ወለድ እንዳይስማሙ ደንግጎ ነበር፤ የውጭ አገር ካርድ የሚገዛው ግን በወጣበት አገር ሕግና ውል ስለ ሆነ፣ ይህ ገደብ በቶሮንቶ ለተፈረመ ውል ጋሻ አይሆንም። በእኔ አስተያየት፣ ከወለድ ለመራቅ ሲል ገንዘቡን እንደ ዘምዘምና እንደ ሂጅራ ባሉ ከወለድ ነጻ ባንኮች የሚያስቀምጥ ወገን፣ በዓሉን ሊያከብር መጥቶ ባለማወቅ በ30 በመቶ መበደሩ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

እንግዲህ ለመምጣት የምታስቡ ሁሉ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ዴቢት ካርዳችሁ በኢትዮጵያ እንዲሠራ ባንካችሁን አሳውቁ፤ ወይም ገንዘቡን አስቀድማችሁ እዚህ ባለ ባንክ በስማችሁ አስተላልፉ፤ ጥሬ ዶላር ከያዛችሁም በባንክ መንዝሩ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ የባንኩ ዋጋ እንደ ቀድሞው የሚያስከፋ አይደለም። ክሬዲት ካርዱ ሆቴል ለመክፈልና ለአውሮፕላን ትኬት ይቈይ። ሌላ መንገድ ጠፍቶ በእርሱ ካወጣችሁ ደግሞ የወሩን መግለጫ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ማታ ያወጣችሁትን ከነክፍያው በስልካችሁ ወደ ካርዱ መልሱ። በውጭ አገር ዘመድ ያላችሁም ይህን ጽሑፍ ከመምጣቱ በፊት ላኩለት።