አውሮፕላን የሚገዛ ሰው እግሩን ይመርምር

መገናኛ አካባቢ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «ተጋጭቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ደላላው ቢምልለትም ጎንበስ ብሎ ሻንሲውን ሳያይ ገንዘቡን አይቆጥርም። ያገለገለ ትንሽ አውሮፕላን ለመግዛት ያሰበ ባለሀብትም እንዲሁ «መሬት መትቶ ያውቃል ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

በ1988 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ እስከ 20 መቀመጫ ባላቸው አውሮፕላኖች የሚሰጠውን አገልግሎት ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ከከፈተ ወዲህ፣ የግል በረራ የንግድ ዘርፍ ሆኗል። ነገር ግን አዲስ አበባ ለትንሽ አውሮፕላን የዋህ ከተማ አይደለችም። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በስተሰሜን የየካ ኮረብቶችና 3,200 ሜትር የሚጠጋው እንጦጦ ቆመዋል። ነፋስ ተራራውን ተሻግሮ ሲወርድ ይታወካል፤ ለማረፍ የተቃረበ ቀላል አውሮፕላንም ይናጣል።

ዋናው ጣጣ ግን የአየሩ መሳሳት ነው። ሞቅ ባለ ቀን በቦሌ ያለው አየር 3,100 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ይሳሳል። በዚህም የተነሳ የፍጥነት መለኪያው እንደ ወትሮው እያሳየ፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚሮጠው ከባሕር ዳርቻው በ17 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው። መሬት ሲነካ ይዞት የሚመጣው ጉልበትም ከሲሶ በላይ ይጨምራል። ቆላ የለመደ አብራሪ መሬቱ በፍጥነት ሲያልፍበት «በዛ» ብሎ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ክንፉ መሸከም ያቅተውና አውሮፕላኑ ዱብ ይላል። ሰፊ ማኮብኮቢያም ዓይን ያታልላል፦ አብራሪው ከመሬት የደረሰ መስሎት ከፍ ብሎ ሳለ አፍንጫውን ያቀናል፤ ቀሪውን ይወድቃል።

የአውሮፕላን አደጋ ለከተማችን አዲስ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. ከዘውድ በዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ትሪኒዳድ ተወላጁ ሁበርት ጁሊያን የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ይዞ አዲስ አበባ ላይ ተከስክሷል። እሱ ተረፈ፤ አውሮፕላኑ ተሰባበረ።

መሬት መትቶ በተረፈ አውሮፕላን ላይም ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ሰው ሳይሆን ንብረት ነው። ጉዳቱም ይደበቃል። እንደ ሴስና 182 ባሉ አውሮፕላኖች የፊት እግሩ ሲመታ ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየው ግድግዳ ይጨማደዳል። ፕሮፔለሩ መሬት ከነካ ደግሞ ሞተሩ ተፈትቶ መመርመር አለበት። አዲስ ቀለም ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ስለዚህ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት የጥገና መዝገቡ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይነበብ። ፕሮፔለርና የፊት እግር የተለወጡበት ቀን ካለ ምክንያቱ ይጠየቅ። መካኒኩን ሻጩ ሳይሆን ገዢው ይምረጥ። መዝገቡ የጎደለ አውሮፕላን ሊብሬ እንደሌለው መኪና ነው፤ ርካሽ የሚሆነው እስኪገዛ ድረስ ብቻ ነው።