ምንም የማይመስል ሥዕል

ሥዕል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሰው ሰውን፥ ፈረስም ፈረስን መስሎ የተሣለውን ነው። ስለዚህ ቀለምና መስመር ብቻ የሆነ ሥዕል ሲያጋጥመን «ይህማ የፈረንጅ ቧልት ነው» እንላለን። በክፍላችን ይህ ክርክር ገና አልበረደምና እኔም የበኩሌን ልናገር።

ይህን ዓይነቱን ረቂቅ ሥዕል ይሉታል። በአገራችን ቀድመው ከሠሩት መካከል በጀርመን አገር ተምሮ የተመለሰው ባለቅኔው ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ይገኛሉ። እኛን ጎንደሬዎችን ግን ይበልጥ የሚመለከተን እስክንድር ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1937 አዲስ አበባ ተወልዶ በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ሄደ፤ ከዚያም ፓሪስ ተቀመጠ። እዚያ ሳለ በ1964 የሣለው «የጁጁ ሠርግ» በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተገዝቷል። ፈጽሞ ረቂቅ ነው ባይባልም ሠዓሊው የዓይን ምስክርነትን ትቶ የሕልምን መንገድ ይዟል።

እስክንድር ከአውሮፓም ከአፍሪካም ቢማር ከአገሩ የብራና ክታብ ብዙ መቅሰሙ የታወቀ ነው። ክታብን የደጋው አገር አያቶቻችን ያውቁታል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ከራስ እስከ እግር ይጠብቅ ዘንድም በባለቤቱ ቁመት ልክ ይደረጋል። ደብተራው ጸሎቱን በጥቁር ቀለም ጽፎ የክርስትና ስሙን በቀይ ያገባል። በመካከሉ ጠልሰም አለ፤ ይኸውም ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፥ እንደ መረብ የተጠላለፈ ሐረግ፥ ከመሐልም የሚያፈጡ ዓይኖች ናቸው። ጋኔኑ በሕመምተኛው ዓይን ይህን አይቶ ይሸሻል ተብሎ ይታመናል። ከካህናት አጥብቀው የሚነቅፉት ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ለእምነቱ ጠበቃ አልቆምም፤ ነገሬ ስለ ሥዕሉ ነው። ያ ኮከብ ማንን ይመስላል? ማንንም። ሆኖም ዓይንን ይዞ አይለቅም።

የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ ቀና ብሎ ያየም (አንገት ያማል እንጂ) ነገሩ አይጠፋውም። ከመቶ የሚበልጡት ፊቶች መላእክት መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ግን ከሥር ለቆመ ሰው ዓይንና ክንፍ እየተደጋገመ አንድ ትልቅ ጥልፍ ይሆናል።

እስክንድር በ1966 ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በኋላም አሜሪካን አገር በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖሮ በ2003 ዋሽንግተን ላይ ዐረፈ። ከእርሱ በኋላ ዘሪሁን የትምጌታ የክታቡን ዓይኖች በቀርከሃ ስንጥቅ ላይ ሣለ፤ ወሰኔ ኮስሮፍም ፊደላችንን እየቆራረጠና እያጣመመ የሥዕሉ አካል አደረገው፤ ማንበብ ግን አይቻልም።